በአረጋውያን መርጃ ማዕከላት የተመጣጠነ ምግብ እጥረትን መከላከልና ማከም

በአንድ የአረጋውያን መርጃ ማዕከል የምሳ ሰዓት አልቋል እንበል። ሰሃኖቹ ተሰብስበው ወደ ወጥ ቤት ሲመለሱ ከመካከላቸው አንደኛው እንጀራው ከዳር ዳር ብቻ ተነክቶ፣ ወጡም እንዳለ ሆኖ ይታያል። ተንከባካቢዋ ስትጠየቅ የምትሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «በቃኝ አሉ»። ሰሃኑ ይታጠባል፣ ሥራውም ይቀጥላል። ይህ በአንድ ቀን ብቻ የሚያጋጥም ቢሆን የሚያሳስብ አይደለም። በየዕለቱ ሲደጋገም ግን በራሳቸው እግር ወደ ማዕከሉ የገቡትን እናት ወይም አባት በጥቂት ወራት ውስጥ የአልጋ ቁራኛ ያደርጋቸዋል።

በአረጋውያን ማዕከላት የሚከሰተው የተመጣጠነ ምግብ እጥረት በድርቅ ወቅት ከሚታየው ረሃብ የሚለየው በዚህ ነው። ምግቡ በወጥ ቤቱ ውስጥ ይኖራል፣ ይቀርባልም። ችግሩ የሚፈጠረው ከድስቱ እስከ አፍ ባለው መንገድ ላይ ነው። በመሆኑም ችግሩ ባደጉት አገሮችም ሰፊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በአውሮፓ በየዓመቱ አንድ ቀን ተመርጦ የሆስፒታል ሕሙማን፣ በኋላም የአረጋውያን ማዕከላት ነዋሪዎች ምን ያህል እንደበሉ የሚመዘገብበት አሠራር እስከመዘርጋት ተደርሷል።

ዕድሜ ሲገፋ የሰውነት ጡንቻ በተፈጥሮው ይቀንሳል። በዚህ ላይ የምግብ ማነስ ሲጨመር መቀነሱ ይፋጠናል። ከወንበር ለመነሳት አቅም ያጣ ሰው ይወድቃል፤ የወደቀው ይሰበራል፤ የተሰበረው ይተኛል። ተኝቶ የዋለ ሰው ደግሞ የምግብ ፍላጎቱ ይበልጥ ይዘጋል፣ ገላው ላይም ቁስል ይወጣል። ፕሮቲን ያነሰው ሰውነት ቁስሉን ለመዳን የሚያስፈልገውን አዲስ ሥጋ መገንባት ይቸገራል። በሽታ የመከላከል አቅምም ስለሚዳከም ቀላል የነበረው ጉንፋን ወደ ሳንባ ምች ይሸጋገራል። በዚህ ሁኔታ የሞቱ አረጋዊ የሞታቸው ምክንያት ሲመዘገብ «የሳንባ ምች» ይባላል እንጂ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ እየተመለሰ የነበረው ሰሃን አይጠቀስም።

ለመሆኑ አረጋውያን ለምን አይበሉም? ምክንያቱ አንድ አይደለም። የማሽተትና የመቅመስ ስሜት ይደክማል፤ ሆድ ቶሎ ይሞላል። ጥርስ ያልቃል፣ ሰው ሠራሽ ጥርስም ካለ ሰውነት ሲከሳ ስለሚላላ ያቆስላል። እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይን በሰሃኑ ላይ ያለውን ለመለየት ይቸገራል። የሆድ ድርቀት፣ ያልታከመ ሕመምና ድባቴ የምግብ ፍላጎትን ከሚዘጉት መካከል ናቸው። የመርሳት ሕመም ያለባቸው ደግሞ የተራቡ መሆናቸውን ላይገነዘቡ፣ ወይም የቀረበላቸውን ምግብ እያዩ መብላት እንዴት እንደሚጀመር ሊጠፋቸው ይችላል።

መድኃኒቶችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ለስኳር ሕመም የሚሰጠው ሜትፎርሚንና ለልብ ሕመም የሚሰጠው ዲጎክሲን የምግብ ፍላጎት ሊቀንሱ ይችላሉ፤ ለደም ግፊት የሚታዘዘው ካፕቶፕሪል ጣዕም ይለውጣል። አምስትና ስድስት ዓይነት መድኃኒት የሚወስዱ አረጋዊ መክሳት ሲጀምሩ ሐኪም የመድኃኒቶቹን ዝርዝር እንደገና እንዲያየው ማድረግ ይገባል። እንደ ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ በስፋት በሚገኝበት አገር ደግሞ ያለ ምክንያት የከሳን ሰው ሁሉ፣ ሳል ባይኖረውም እንኳን፣ ለቲቢ ሳይመረምሩ «እርጅና ነው» ብሎ መተው ከፍተኛ ስህተት ነው። በጋራ ክፍል በሚኖርበት ማዕከል ውስጥ ስህተቱ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም።

በአገራችን ከእነዚህ ሁሉ በተጨማሪ በመማሪያ መጻሕፍት የማይገኝ ምክንያት አለ፤ ይሉኝታ። አሁን በማዕከላት የሚገኙት አረጋውያን ያደጉት የቀረበን ምግብ በመጀመሪያው ግብዣ መቀበል እንደ ነውር በሚታይበት ሥርዓት ነው። እንግዳ «በቃኝ» ይላል፣ ጋባዥ «በሞቴ» ይላል፤ «አፈር ስሆን» ተብሎ ሲለመን ደግሞ አንድ ጉርሻ ይጨመራል። በዚህ ሥርዓት የመጀመሪያው «በቃኝ» ጨዋነት እንጂ መልስ አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው ሥራ ያደሩና አሁን በሰው እጅ የወደቁ እናት ደግሞ ይሉኝታቸው እጥፍ ነው፤ ላለማስቸገር ሲሉ ጥቂት ይቀምሱና ሰሃኑን ይገፋሉ። ሠላሳ ሰው የሚጠብቃት ወጣት ተንከባካቢ ጊዜ ስለሌላት የመጀመሪያውን «በቃኝ» እንደመጨረሻ ትወስደዋለች። «እማማ፣ ይችን ብቻ ይጨምሩልኝ» ለማለት የሚወስደው ጊዜ ግን ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ይህ ማለት ግን ማስገደድ አይደለም። አፋቸውን የዘጉ፣ ፊታቸውን ያዞሩ ወይም የተቆጡ አረጋዊ ከልባቸው እምቢ ብለዋል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሶ መሞከር ይሻላል።

ችግሩን በጊዜ ለማወቅ ዋነኛው መሣሪያ ሚዛን ነው። እያንዳንዱ ነዋሪ ወደ ማዕከሉ በገባበት ቀን፣ ከዚያም ቢያንስ በየወሩ መመዘንና ክብደቱ በስሙ መመዝገብ ይኖርበታል። ስድሳ ኪሎ ግራም ይመዝኑ የነበሩ ሰው በጥቂት ወራት 57 ኪሎ ግራም ቢሆኑ የቀነሱት ሦስት ኪሎ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ይህ ከክብደታቸው 5 በመቶ ስለሆነ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። 54 ኪሎ ግራም ከደረሱ 10 በመቶ አጥተዋልና አፋጣኝ ክትትል ያስፈልጋቸዋል። ዓይን በዚህ ረገድ አታላይ ነው። በየቀኑ የሚያይ ሰው የመክሳትን ሂደት አይለይም፤ ወፍራም የነበሩ አረጋዊ በጣም ከቀነሱም በኋላ ደህና ሊመስሉ ይችላሉ። እግር ያበጠ እንደሆነም ውኃው ክብደቱን ይሸፍነዋል።

በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው መመዘኛዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2003 በብሪታንያ ይፋ የሆነውና «መስት» በመባል የሚታወቀው ነው። መመዘኛው ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ክብደት ከቁመት ጋር ሲነጻጸር ያለበትን ደረጃ፣ ባለፉት ከሦስት እስከ ስድስት ወራት የቀነሰውን የክብደት መጠን፣ እንዲሁም በከባድ ሕመም ምክንያት ከአምስት ቀን በላይ ምግብ ያልተወሰደ ወይም የማይወሰድ መሆኑን። ድምሩ ሁለትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ከፍተኛ አደጋ ላይ ነው ይባላል። ለአረጋውያን ብቻ ተብሎ የተዘጋጀው ሌላው መመዘኛ «ኤም ኤን ኤ» ሲሆን፣ አጭሩ ቅጽ ስድስት ጥያቄዎች ብቻ አሉት። ከ14 ነጥብ 12 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ደህና፣ ከ8 እስከ 11 ያገኘ ለአደጋ የተጋለጠ፣ 7 እና ከዚያ በታች ያገኘ በምግብ እጥረት የተጎዳ ተብሎ ይመደባል።

ጀርባቸው የጎበጠ ወይም ቆመው መመዘን የማይችሉ አረጋውያንስ? ለእነርሱ የመለኪያ ሜትር ይበቃል። የባት ዙሪያ በወፍራሙ ቦታ ተለክቶ ከ31 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ጡንቻው እየሟሸሸ ለመሆኑ ምልክት ነው። የላይኛው ክንድ መሃል ዙሪያ ከ23.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰም ክብደታቸው ከቁመታቸው አንጻር ዝቅተኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ክንድ መለካት በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በሕፃናትና በነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ለዓመታት ሲሠሩበት የቆየ ዘዴ በመሆኑ ለአረጋውያን ማዋሉ አዲስ ሥልጠና ብዙም አይጠይቅም።

መጠኑን በተመለከተ የአውሮፓ የክሊኒካል ሥነ ምግብ ማኅበር መመሪያ ለአረጋውያን በቀን በእያንዳንዱ የክብደት ኪሎ ግራም 30 ኪሎ ካሎሪ ያህልና ቢያንስ 1 ግራም ፕሮቲን እንዲቀርብ ይመክራል። የታመሙ ወይም ቁስል ያለባቸው ከዚህ የበለጠ ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። በዚህ ስሌት 50 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ እናት በቀን 1500 ኪሎ ካሎሪና 50 ግራም ፕሮቲን ማግኘት አለባቸው። ይህ በወጥ ቤት ቋንቋ ሲተረጎም፦ አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። ሁለት እንቁላል፣ ሁለት ብርጭቆ ወተትና አንድ ኩባያ ምስር ተደምረው 46 ግራም ሲሆኑ፣ የቀረውን እንጀራው ይሞላዋል። የእንስሳት ተዋጽኦ ውድ በሆነበት በዚህ ወቅት ሁሉንም በየቀኑ ማቅረብ ለብዙ ማዕከላት የሚቻል አይደለም። ሽሮ፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ ግን ቦታውን በአብዛኛው ሊሸፍኑ ይችላሉ፤ ሽሮው ውኃ ብቻ እስካልሆነ ድረስ።

ጥቂት የሚበላ ሰው ሰሃኑ ቢሞላለት ይበልጥ ይደነግጣል። ስለሆነም መጠኑን ሳይሆን ይዘቱን ማበልጸግ ይመረጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም ንጥር ቅቤ 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይጨምራል። ገንፎ በወተት ቢገነፋ፣ አጥሚት ላይ የኦቾሎኒ ዱቄትና ማር ቢጨመር፣ ሾርባ ውስጥ ክክ ተፈጭቶ ቢገባ አረጋዊው የሚውጡት ማንኪያ ብዛት ሳይጨምር የሚያገኙት ኃይል ይጨምራል። በተቃራኒው ለደካማ ሰው ተስማሚ ተብሎ የሚታሰበው ቀጭን አጥሚት በውኃ ብቻ ከተሠራ ሆድ ከመሙላት ያለፈ ጥቅም የለውም። ቡላም እንዲሁ ለመዋጥ ቢመችም ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ በወተት መታገዝ አለበት።

ጥርስ ለሌላቸው ፍትፍት ከማንኛውም ምግብ የተሻለ ነው ለማለት ይቻላል፤ እንጀራው መረቁን ይመጥና ይለሰልሳል፣ ጣዕሙም የለመዱት ነው። አፋቸው የቆሰለ አረጋውያን በበርበሬው ምክንያት ብቻ ቀይ ወጥ የሚተዉበት ጊዜ ስላለ አልጫ ማቅረብ ተገቢ ነው። «ለጤናቸው» በሚል ጨው፣ ቅባትና ስኳር ከሁሉም ነዋሪ ማዕድ ማስቀረት የተለመደ ስህተት ነው። እየከሱ ላሉ የ80 ዓመት አዛውንት ጣዕም የሌለው ምግብ ከሚያስወግድላቸው አደጋ የሚያመጣባቸው ሊበልጥ ይችላል፤ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕሙማንም ቢሆኑ የምግብ ገደባቸው በሐኪም ተመዝኖ እንጂ በልማድ መወሰን የለበትም።

ጾም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጾም ቀናት ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ወይም ለዚያ የቀረበ ጊዜ ይይዛሉ፤ በእነዚህ ቀናት ወተትና እንቁላል አይበላም። ምእመናኑ ዕድሜ ልካቸውን የጾሙትን ጾም በማዕከሉ አስፈትቶ ማብላት ክብራቸውን መንካት ይሆናል። ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የንስሐ አባታቸውን ማማከር ነው፤ ለታመሙና ለደከሙ ሰዎች ጾሙ እንዲቀልላቸው ካህናት የሚፈቅዱበት ሥርዓት ያለ ሲሆን፣ አረጋውያኑም ከነርስ ይልቅ የካህኑን ቃል ይቀበላሉ። ሁለተኛው የጾሙን ማዕድ ማጠናከር ነው፤ በቀን አንዴ ይቀርብ የነበረውን ጥራጥሬ ሁለቴ ማድረግ፣ የሱፍና የተልባ ፍትፍት፣ የኦቾሎኒ ሻይ መጨመር። በእስልምናም በረመዳን መጾም ለማይችሉ አረጋውያንና ሕሙማን በግልጽ የተቀመጠ ፈቃድ አለ።

የምግብ ሰዓትም ትኩረት ይሻል። ሠራተኞች ቶሎ ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ራት በ11 ሰዓት ቀርቦ ቁርስ በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሆነ ነዋሪዎቹ 15 ሰዓት ባዶ ሆዳቸውን ያድራሉ ማለት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ደንብ በራትና በቁርስ መካከል ያለው ጊዜ፣ ማታ ላይ በቂ መክሰስ ካልተሰጠ በስተቀር፣ ከ14 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከመኝታ በፊት አንድ ኩባያ ወተት ወይም በሶ መስጠት ክፍተቱን ያጠበዋል። ውኃን በተመለከተ አረጋውያን ጥማት ስለማይሰማቸው፣ በተጨማሪም ሌሊት ሽንት ቤት ላለመመላለስ ሲሉ መጠጣት ይተዋሉ። ከላይ የተጠቀሰው መመሪያ ሴቶች በቀን 1.6 ሊትር፣ ወንዶች 2 ሊትር ያህል ፈሳሽ እንዲጠጡ ይመክራል፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን ሐኪማቸው በሚወስነው መጠን። ሻይም ቡናም ይቆጠራል።

ጉርሻ በማዕከላት ውስጥ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሆኖም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስትሮክ የመታቸው ወይም የመርሳት ሕመማቸው የገፋ ሰዎች የመዋጥ ችግር ሊኖርባቸው ስለሚችል በፍቅር የተጠቀለለው ትልቅ ጉርሻ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። ሲበሉ የሚያስላቸው፣ ድምፃቸው እርጥብ የሚሆን ወይም ምግብ በጉንጫቸው የሚይዙ ካሉ የጤና ባለሙያ ሊያያቸው ይገባል። በተኙበት ማብላት ክልክል ነው። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በትንሽ ማንኪያ፣ የመጀመሪያው መዋጡ ተረጋግጦ ሁለተኛው ይሰጣል፤ ከበሉ በኋላም ለግማሽ ሰዓት ያህል እንደተቀመጡ ይቆያሉ። የሚያበላው ሰው ቆሞ ከላይ ወደታች ሳይሆን ከፊታቸው ተቀምጦ ቢያበላ ይመረጣል። ቆሞ የሚያበላ ሰው የቸኮለ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ቸኩሎ ነው።

ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው ከጎዳና ተነስተው ወደ ማዕከል የሚገቡ ሰዎች ጉዳይ ነው። ለብዙ ቀናት ምንም ወይም ጥቂት ብቻ ሲቀምሱ የቆዩ ሰዎች በገቡበት ቀን እንደልባቸው ሲበሉ ሕይወታቸው ሊያልፍ ይችላል። ይህ ሁኔታ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከጃፓን የጦር ምርኮኞች ካምፖች የወጡ ሰዎች ላይ በግልጽ ታይቷል፤ ረሃቡን ያለፉ አንዳንዶች ምግብ ማግኘት በጀመሩ ቀናት ውስጥ ሞተዋል። ምክንያቱ በረሃብ የተዳከመው ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባለት በደም ውስጥ ያሉት ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም በፍጥነት ወደ ሴሎች ስለሚገቡና ልብ ሥራውን ማከናወን ስለሚያቅታት ነው። ስለዚህ ከአምስት ቀን በላይ እምብዛም ያልበላ ሰው ምግብ በጥቂቱ ይጀመርለታል። እጅግ የከሱት ወይም ከአሥር ቀን በላይ ያልበሉት በሐኪም ክትትል ሥር በቀን በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ከ10 ኪሎ ካሎሪ ያልበለጠ ይሰጣቸውና በቀናት ውስጥ እየጨመረ ይሄዳል። ቫይታሚን ቢ 1 (ታያሚን) ምግቡ ከመጀመሩ በፊት ይሰጣል። በሩ ላይ የተቀበላቸው ሰው ርኅራኄ በዚህ ሰዓት በሙሉ ሰሃን አይገለጥም።

በምርምር የተረጋገጡ ውጤቶችም ጥረቱ የሚያስገኘውን ፍሬ ያሳያሉ። በኔዘርላንድስ በአምስት የአረጋውያን ማዕከላት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት፣ ምግብ ቀድሞ ተሞልቶ በትሪ ከመቅረብ ይልቅ ነዋሪዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ እንደ ቤተሰብ ተቀምጠው ሲበሉ የሰውነት ክብደታቸውም ሆነ የኑሮ ስሜታቸው የተሻለ ሆኗል። በሞሰብ ዙሪያ ላደገ ኅብረተሰብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በአልጋ አልጋው ሰሃን ማደል የጀመርነው ግን እኛም ነን። በአውስትራሊያ ደግሞ በ60 ማዕከላት የሚኖሩ ከ7 ሺህ በላይ አረጋውያንን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ወተት፣ እርጎና አይብ ለሁለት ዓመት እንዲጨመርላቸው በተደረጉት ማዕከላት የአጥንት ስብራት በ33 በመቶ፣ የዳሌ ስብራት ደግሞ በ46 በመቶ ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። ለውጡን ያመጣው መድኃኒት ሳይሆን የወጥ ቤቱ የግዢ ዝርዝር መለወጥ ነው።

የመርሳት ሕመማቸው ወደ መጨረሻው ደረጃ ለደረሰ ሰዎች በቱቦ መመገብ ዕድሜን እንደማያራዝም፣ ምግብ ወደ ሳንባ መግባትንም እንደማይከላከል የአሜሪካም ሆነ የአውሮፓ የሕክምና ማኅበራት መመሪያዎች ያመለክታሉ። በዚህ ጊዜ የሚመከረው በእጅ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ እስከፈለጉ ድረስ ማብላትና አፋቸውን ማርጠብ ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 አረጋውያንን ለመርዳት መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ደንግጓል። በተግባር ግን የማዕከላቱን ወጪ በአብዛኛው የሚሸፍነው ሕዝቡ ነው። በ2002 ዓ.ም. በቢንያም በለጠ የተመሠረተውና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የያዘው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ለዚህ ዋነኛ ማሳያ ነው። ሰዎች ልደታቸውን፣ ሠርጋቸውን፣ የሙት ዓመት መታሰቢያቸውን በየማዕከላቱ ነዋሪዎችን በመመገብ ያከብራሉ፤ ይህ ሊመሰገን የሚገባው ባህል ነው። ይሁን እንጂ የድግሱ ምግብ በበዓላትና በእሑድ ቀን ተደራርቦ በሌላው ጊዜ ማዕዱ ሲሳሳ ይታያል፤ በአንድ ቀን የሚቀርበው ቅባት የበዛበት ሥጋም ለደከመ ሆድ የሚመች አይደለም። ለመለገስ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ደውሎ ወጥ ቤቱን ቢጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ ከሰንጋ ያነሰ ዋጋ ያለው ይሆናል፦ የዱቄት ወተት፣ እንቁላል፣ የምስር ክክ፣ ኦቾሎኒ፣ ዘይት፣ ወይም ነዋሪዎቹን በየወሩ የሚመዝኑበት አንድ ሚዛን። ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ በምሳ ሰዓት ሄዶ፣ እጁን ታጥቦና ከባለሙያው መመሪያ ተቀብሎ፣ አንድ አረጋዊ አጠገብ ለአርባ ደቂቃ ሊቀመጥ ይችላል። ተንከባካቢዋ ሌሎች ሃያ ዘጠኝ ሰሃኖች ይጠብቋታል።